ሰፈርን ያፈረሰው ፎቁ አይደለም፣ ዕጣው ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ቤት በተነሳ ቁጥር ሁለት ድምፆች ይሰማሉ። አንዱ "ፎቅ ሰውን ከሰው ለያየ፤ ኮንዶሚኒየም ከተገባ ወዲህ ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም" ይላል። ሌላው "ከተማ ማለት ፎቅ ነው፤ የጭቃ ቤት ታቅፎ ከተማ መሆን የለም" ብሎ ይመልሳል። የመጀመሪያው ያለፈውን ይናፍቃል፣ ሁለተኛው የሚመጣውን ይመኛል። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ ሁለቱም ፎቅና ጉርብትና አብረው አይሄዱም ብለው ያምናሉ። ስለዚህ አንዱ ፎቁ ይቅር ሲል ሌላው ጉርብትናው ይቅር ይላል።

ሁለቱም ተሳስተዋል። የአዲስ አበባን ሰፈሮች የበተነው የወለሉ ብዛት ሳይሆን ሰዎች ወደ ፎቁ የገቡበት መንገድ ነው። አርባና ሃምሳ ዓመት አብሮ የኖረ ሕዝብ እያንዳንዱ ለብቻው ተመዝግቦ፣ ለብቻው ቆጥቦ፣ ኮምፒውተር ወደመረጠለት በር ለብቻው ሲሄድ ሰፈሩ ያኔ አከተመ። ከዚያ በኋላ ቤቱ መሬት ላይ ሆነ አራተኛ ፎቅ ላይ ለውጥ አያመጣም።

◆ የድሮው ሰፈር ገነት አልነበረም

"ሰፈር" የሚለው ቃል ራሱ የከተማዋን አፈጣጠር ይናገራል። አዲስ አበባ ስትቆረቆር መኳንንቱ በተሰጣቸው ጉብታ ላይ፣ ሠራዊታቸውና አገልጋዮቻቸው በዙሪያቸው ሰፈሩ። ደጃች ውቤ ሰፈርን የመሰሉ ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። ሀብታምና ድሃ አጥር ተዋስኖ መኖሩም ከዚያ የመጣ ነው። ብዙ የዓለም ከተሞች አጥተውት በብዙ ገንዘብ ሊፈጥሩት የሚለፉትን ነገር አዲስ አበባ በነፃ አግኝታው ነበር።

ይሁን እንጂ እውነቱ መነገር አለበት። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ። ኪራዩ ዝቅ ብሎ ለአሥርት ዓመታት ቆመ። ተከራዩ ቤቱ የእሱ ስላልሆነ አላደሰውም። ቀበሌውም በዚያ ኪራይ ማደስ ስለማይችል አላደሰውም። ጣሪያው አረጀ፣ ግድግዳው ጎበጠ። አንድ መጸዳጃ ቤት ብዙ አባወራ ተጋራው። የእሳት አደጋ መኪና የማይገባባቸው መንደሮች በየክረምቱ በጎርፍ፣ በየበጋው በእሳት ሥጋት ኖሩ። ይህን ሕይወት "ፍቅር ነበረበት" ብሎ ማወደስ በውስጡ ባልኖረ ሰው አፍ ይቀላል። እነዚያ ቤቶች መለወጥ ነበረባቸው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ክርክሩ ከቤቶቹ ጋር ምን ተጣለ የሚለው ላይ ነው። የቀበሌ ቤት ግድግዳው ጭቃ ቢሆንም በዙሪያው የተገነባው ነገር ጭቃ አልነበረም። ዕድር ቀባሪ ብቻ አይደለም፤ የኢንሹራንስ ውል ገዝቶ የማያውቅ ሕዝብ ኢንሹራንስ ነው። እናት ጉሊቷን ልትዘረጋ ስትወጣ ልጇን የምትጥልባት ጎረቤት የቀን ማቆያ ናት። ደመወዝ እስኪወጣ በዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ የድሃ ባንክ ነው። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" የተባለው ለጨዋታ አይደለም። ይህ ሁሉ ሀብት ነው። ነገር ግን የካሣ ቅጽ ከሁሉ በፊት የሚቆጥረው ቆርቆሮና የጣውላ በር ነው።

◆ ጥሩ ሐሳብ ነበር፣ ዕጣ በላው

የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር በ1996 ዓ.ም. በገርጂ በሙከራ ሲጀመር፣ ከንቲባው አርከበ ዕቁባይ በነበሩበት ጊዜ፣ ሐሳቡ ቀላል አልነበረም። ወጪ ቆጣቢ የግንባታ ዘዴ ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ተቋም ጋር ተሞክሮ ነበር። ሊፍት የማይፈልግ ጂ+4 ተመረጠ። ብሎኬት አምራቹ፣ በርና መስኮት ሠሪው፣ ቧንቧ ገጣሚው በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ ሥራ አገኘ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ንድፉን የሠሩት ሰዎች የሚኖርበትን ሕዝብ ያውቁት ነበር። ለተወሰኑ ብሎኮች አንድ የጋራ መገልገያ ሕንፃ ተሠራ፤ ነዋሪው "ኮሚናል" የሚለው ነው። በግ የሚታረድበት፣ በርበሬ የሚዘጋጅበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ድግስ የሚደገስበት ቦታ። ማለትም ሰፈሩን ወደ ፎቅ ይዞ የመሄድ ሐሳብ በወረቀቱ ላይ ነበር።

ታዲያ ምን ሆነ? ቤቱ በዕጣ ተሰጠ።

በዕጣው ላይ የተደረገው ክርክር ሁሉ ስለ ሐቀኝነቱ ነበር። ማን ተጭበረበረ? ማን ሳይቆጥብ ወጣለት? በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች የወጡበት 14ኛው ዙር ዕጣ በኮምፒውተር ሥርዓቱ ላይ ተፈጸመ በተባለ ማጭበርበር ሲሰረዝ ቁጣው ትክክል ነበር። በ2005 ዓ.ም. ከ9 መቶ ሺህ በላይ ሰው ተመዝግቦ፣ አብዛኛው ዛሬም "ላም አለኝ በሰማይ" እያለ ደብተሩን ይዞ ሲቀመጥ ቁጣው ትክክል ነው። ግን የተጠየቀው ጥያቄ ግማሹ ብቻ ነው። ዕጣው እንከን የሌለው ቢሆን ኖሮስ? ፍጹም ሐቀኛ የሆነ ዕጣም ሰፈርን ይበትናል። ሥራው መበተን ነውና። የአንድ ግቢ ሦስት አባወራዎች አንዱን ጀሞ፣ አንዱን የካ አባዶ፣ አንዱን ቱሉ ዲምቱ የሚጥል ሥርዓት ያለ አድልዎ ቢጥላቸውም ጥሏቸዋል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ዕጣ የደረሰው ሁሉ መክፈል አይችልም። ቅድመ ክፍያውን ተበድሮ ከፍሎ፣ ወርሃዊውን ለባንክ መክፈል ሲያቅተው ቤቱን አከራይቶ ራሱ ርካሽ ክፍል ፍለጋ ይሄዳል። ለድሃ ተብሎ የተሠራው ቤት ድሃውን አከራይ አድርጎ ያስወጣዋል። "ሕዝባችን ራሱ ሸጦ ሄደ፣ ምን ይደረግ?" የሚሉ አሉ። ከሥራው በሩቅ የተሰጠው፣ ዕዳ የተሸከመና ከዚያ ሌላ ጥሪት የሌለው ሰው ያንኑ ቢያከራይ ወይም ቢሸጥ ምን ይደንቃል? መንግሥት የሰጠው መኖሪያ ሳይሆን የሚሸጥ ዕቃ ነበር፤ እሱም እንደ ዕቃ ተጠቀመበት።

◆ ደረጃውን የሚጠርገው ማን ነው?

ከዚያ በኋላ የሕንፃው ታሪክ የታወቀ ነው። የውኃ ፓምፑ ይበላሻል፣ አስጠጋኝ የለም። ሮቶው ይቆሽሻል፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ ሞልቶ ግቢው ላይ ይፈስሳል። የደረጃው አምፖል ይቃጠላል። ኮሚናሉ ተከራይቶ ሱቅ ወይም መጋዘን ይሆናል። ዛፍ ሊተከልበት የታሰበው ክፍት ቦታ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። በግም በደረጃው ሥር ይታረዳል። ይህን ያየ ሁሉ "የእኛ ሕዝብ ፎቅ አያውቅም" ይላል።

ስድብ እንጂ ማብራሪያ አይደለም። ማብራሪያው ሕጉ ውስጥ አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ሕንፃውን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው አለ። በስሌቱ ባለቤትና ነዋሪ አንድ ናቸው። በእውነታው ግን በብዙ ብሎክ ባለቤቱ ሌላ ቦታ ይኖራል፤ በየቀኑ ደረጃውን የሚወጣውና የሚወርደው ተከራይ ነው። ባለቤቱ ድምፅ አለው፣ ችግሩን ግን አያየውም። ተከራዩ ችግሩን ያየዋል፣ ድምፅ ግን የለውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ታዲያ ሕግ ሁለት ዓመት እንዲኖርበት የፈቀደለት ሰው ስለ ፓምፑ በሚደረግ ስብሰባ ላይ እጁን ማውጣት የማይችለው በምን ሒሳብ ነው?

የምድር ወለሉ ሱቆችም የተለየ ዕድል አልገጠማቸውም። ለከፍተኛ ተጫራች በጨረታ ተሸጡ። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ገባ፣ አለቀ። እነዚያ ሱቆች የብሎኩ የጋራ ንብረት ሆነው ቢከራዩ ኖሮ ኪራያቸው የጥበቃውን ደመወዝ፣ የፓምፑን ጥገና፣ የፍሳሽ መምጠጫ መኪናውን ወጪ በየወሩ ሊሸፍን ይችል ነበር። ሕንፃው በምድር ወለሉ ራሱን ሊያድስ ሲችል ምድር ወለሉን ሸጠው ለጥገና የነዋሪውን ኪስ ጠበቁ።

ይህም ሁሉ ሆኖ ሕዝቡ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በጎተራም፣ በጀሞም፣ በሰሚትም የብሎክ ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ አዳዲስ ዕድሮች ተመሥርተዋል። የለቅሶና የሰርግ ድንኳን በመኪና ማቆሚያው ላይ ይተከላል። ደመራ በብሎኮቹ መካከል ይበራል። ፎቅ ጉርብትናን የሚገድል ቢሆን ኖሮ ይህ ባልታየ ነበር። ማንም ሳያግዘው፣ ከማያውቀው ሰው ጋር በዕጣ ተደባልቆ ይህን ያደረገ ሕዝብ ከነጎረቤቱ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ምን ያደርግ እንደነበር ማሰብ ነው።

◆ ርቀት የማይከፈል ኪራይ ነው

"ዘላቂ ልማት" የሚለው ቃል በየመድረኩ ይነገራል፤ ሲተረጎም ግን ብዙ ጊዜ ችግኝና የፀሐይ መብራት ይሆናል። ለአንድ ከተማ ትልቁ የዘላቂነት ጥያቄ ሰው ከቤቱ እስከ እንጀራው ምን ያህል ይጓዛል የሚለው ነው። የኮንዶሚኒየም ሳይቶች መሬቱ ርካሽ ወደሆነበት ወደ ከተማዋ ዳር ተገፉ፤ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮየ ፈጬ። መሬቱ የሆነው ግን የገበሬ እርሻ ነበር፤ ያ ደግሞ ሌላ መፈናቀልና ሌላ ቁስል ነው። የኮየ ፈጬ ዕጣ በ2011 ዓ.ም. ያስነሳው ተቃውሞ የሚረሳ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከእነዚህ አራት ሳይቶች ወደ አንዱም አይደርስም። ባቡሩ በመሀል ከተማ ያልፋል፣ ሕዝቡ ወደ ዳር ይጓዛል። ከዚያ ጧት አራት ቁጥር የሌለው የታክሲ ሰልፍ ይጀምራል።

በዳር የተሠራ ርካሽ ቤት ርካሽ የሚመስለው የትራንስፖርቱን ሒሳብ ነዋሪው በየቀኑ፣ ዕድሜ ልኩን ስለሚከፍለው ነው። መንገዱን፣ የውኃ መስመሩን፣ ትራንስፎርመሩን፣ ትምህርት ቤቱን እንደ አዲስ የሚዘረጋው ደግሞ ከተማው ነው። መሀል ከተማ ላይ እነዚህ ሁሉ አሉ።

◆ ኮሪደሩና ያልተቆጠሩት

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የጀመረውና በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ የደረሰው የኮሪደር ልማት ጥያቄውን አፍጥጦ አመጣው። ሰፊው የእግረኛ መንገድ ጥሩ ነው። መብራቱ ጥሩ ነው። የወንዝ ዳር ጽዳቱ የሚያስፈልግ ነው። ይህን የሚክድ ሰው ከተማዋን ያልኖረባት ነው። ነገር ግን በመንገዱ ላይ ማን ይሄድበታል? የቀበሌ ተከራዩ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሳይቶች ሄዷል።

ባለሥልጣናት ከካዛንቺስ የተነሱት "ማኅበራዊ ትስስራቸው ሳይበጠስ" አንድ አካባቢ እንዲገቡ መደረጉን ሲናገሩ ተሰምተዋል። ይህ መሻሻል ነው፤ ይሁንታም ይገባዋል፤ መንግሥት ራሱ ዕጣ ሰፈርን እንደሚበትን ማመኑን ያሳያልና። ግን ጎረቤትን አብሮ ማጓጓዝ ይቻል ይሆናል፤ ደንበኛን ማጓጓዝ አይቻልም። ለካዛንቺስ ቢሮ ሠራተኞች ምሳ የምታቀብል ሴት ዕድሯ አብሯት ገላን ቢሄድም የምሳ ሰዓቷ ካዛንቺስ ቀርቷል።

ከእሷ የባሰም አለ። ካሣና ምትክ የሚያስገኘው ይዞታ ነው። የቀበሌ ተከራይ ምትክ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ቅድሚያ ያገኛል። በሰው ግቢ ውስጥ አንዲት የሰርቪስ ክፍል ተከራይቶ ሃያ ዓመት የኖረው፣ ደባሉ፣ ጥገኛው ግን ብዙ ጊዜ በቅጹ ላይ የለም። ቡልዶዘሩ ሲመጣ "ተነሺ" ተብሎ እንኳ አይጠራም፤ ዝም ብሎ ይነሳል። የሚሄደውም ወደ ሌላ የተጨናነቀ መንደር ነው። አንዱን ጉስቁልና ለማጥፋት የወጣው ገንዘብ ሌላውን ከከተማዋ ጫፍ ላይ ይዘራዋል።

◆ "ገንዘቡ ከየት ይመጣል?"

ትልቁ ተቃውሞ ይህ ነው። የመሀል ከተማ መሬት ውድ ነው፤ ድሃ ሊኖርበት አይችልም፤ አልሚ አይመጣም ይባላል። ይህ ክርክር መሬት በግል በሚሸጥበት አገር ያስኬድ ይሆናል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሏል። ዋጋው የተወደደው መንግሥት ራሱ በሊዝ ጨረታ ስለሚሸጠው ነው። ባለቤቱ ራሱ ያስወደደውን ዕቃ "ውድ ስለሆነ ላንተ አይሆንም" ማለት አይችልም።

ስሌቱም ከባድ አይደለም። 100 አባወራ በምድር ቤት ተጨናንቆ፣ ቤቶቹ ቦታውን ሁሉ ሸፍነው ይኖራሉ እንበል። ከቦታው ግማሹ ብቻ ለሕንፃ ይዋል፤ ግማሹ ለመተላለፊያ፣ ለዛፍ፣ ለልጆች መጫወቻ፣ ለድንኳን መትከያ ክፍት ይሁን። በግማሹ ላይ ጂ+4፣ ማለትም አምስት ወለል፣ ቢቆም የቀድሞው ሁለት እጥፍ ተኩል ስፋት ይገኛል። እያንዳንዱ አባወራ የበፊቱን እጥፍ ቢሰጠው 125 ቤት ይወጣል። አንድ አምስተኛው ለደረጃ፣ ለሱቅና ለኮሚናል ቢቀነስ ልክ 100 ቤት ይቀራል። ሰው ሁሉ በቦታው፣ በእጥፍ ስፋት፣ ግማሹ መሬት ክፍት ሆኖ። ጂ+7 ከሆነ ደግሞ በዚያው ስሌት 160 ቤት ይቀራል፤ 60ው በገበያ ዋጋ ተሽጦ የ100ውን ወጪ ይደጉማል። ነባሩን ማስወጣት የግድ የሆነው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው፤ መሬቱ በሙሉ ለሽያጭ ሲፈለግ።

መሀል ከተማ ላይ እንደማይቻል የሚናገር ሰው ልደታን ሄዶ ይይ። ያረጀ መንደር ፈርሶ በዚያው መሬት ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፣ ባቡሩም በአጠገቡ ያልፋል። እዚያም ሁሉም ነባር ነዋሪ አልተመለሰም፤ ግንባታው ግን እንደሚቻል ምስክር ነው። የቀረው ማን ይግባበት የሚለው ውሳኔ ነበር።

◆ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ መጀመሪያ ይሠራ፣ ከዚያ ይፍረስ። በሰፈሩ ውስጥ ባለ ባዶ ቦታ ላይ አንድ ብሎክ ይቁም፤ በአቅራቢያው ያሉት ይግቡበት፤ የለቀቁት ቦታ ላይ ቀጣዩ ይቁም። ይዘገያል። ግን ማንም ሌሊት በሕልሙ ቡልዶዘር አያይም።

ሁለተኛ፣ ምዝገባው በግለሰብ ሳይሆን በዕድርና በመንደር ይሁን። ደባሉና ተከራዩም ይቆጠር። የዕድር መዝገብ ማን በሰፈሩ ስንት ዓመት እንደኖረ ከወረዳ ፋይል በተሻለ ያውቃል።

ሦስተኛ፣ ሁሉም ባለቤት ካልሆነ አይባል። መግዛት ለሚችል ይሸጥ፤ ለማይችል በአቅሙ ይከራይ። በሕንፃው ጉዳይ ግን ገዢም ተከራይም የነዋሪ ድምፅ ይኑረው። የሚሸጥም ቢኖር መጀመሪያ ለነዋሪዎቹ ማኅበር ይሽጥ፤ ያኔ ቤቱ የደላላ ሲሳይ አይሆንም።

አራተኛ፣ የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር የባለጸጋ ማኅበር መሆኑ ይቅር። ዛሬ በማኅበር ለመገንባት አብዛኛውን ወጪ አስቀድሞ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ ይጠየቃል። ይህን ያለው ሰው ማኅበር ምን ያደርግለታል? ጉልበቱን፣ ዕቁቡንና ጊዜውን ይዞ ለሚመጣው ይከፈት።

አምስተኛ፣ ንድፉ የሚኖርበትን ሰው ይምሰል። ለኤሌክትሪክ ምጣድ የሚበቃ መስመርና ጭስ ማውጫ ያለው የጋራ ማዕድ ቤት፤ የጣሪያ ዝናብ የሚጠራቀምበት ታንከር፤ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የተጠበቀ ምድር ወለል፤ ጉሊት የሚዘረጋበት ጥላ ያለው ጠርዝ። ሱቆቹም አይሸጡ፤ በጋራ ይከራዩ።

ከእነዚህ ውስጥ ከውጭ የሚመጣ ቴክኖሎጂ የሚፈልግ አንድም የለም። ኮሚናሉ ከሃያ ዓመት በፊት ተነድፎ ነበር። ዕድሩ ከዚያ በፊት ነበር። መሬቱ የሕዝብ ነው ተብሎ ከተጻፈ ቆየ።

የከተማ አስተዳደር በየዓመቱ መጨረሻ የሚያቀርበው ሪፖርት ስንት ቤት ተገነባ፣ ስንት ተላለፈ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ኮሪደር ተሠራ ይላል። ጭብጨባ ይከተላል። ምክር ቤቱ አንድ ቁጥር ብቻ ይጨመር ብሎ ቢጠይቅ በቂ ነው፤ ከፈረሰው ሰፈር ነዋሪ ውስጥ ዛሬም በዚያው ሰፈር የሚኖረው ስንቱ ነው? ይህ ቁጥር በሪፖርቱ ላይ እስካልሰፈረ ድረስ የሚገነባው ቤት እንጂ ሰፈር አይደለም።